ተረት የሚፈርድበት አገር
የዲምቱ ጉዞ ማስታወሻ

ከወላይታ ሶዶ ወደ ዲምቱ ሲወርዱ መጀመሪያ የሚለይዎት እንሰቱ ነው። በዳሞታ ተራራ ግርጌ እያንዳንዱን ቤት ከብቦ የቆመው እንሰት ቁልቁል በወረዱ ቁጥር እየሳሳ ይሄዳል። ቀጥሎ ቦይና የሚባለው ሥራ ሥር ይቀራል። ከዚያ በቆሎ ይመጣል፤ ግራር ይመጣል፤ ሙቀቱ ይመጣል። ሶዶ ላይ በርዶት ጋቢውን የተከናነበው ተሳፋሪ አጥፎ ጉልበቱ ላይ ያስቀምጠዋል፤ መስኮት ይከፈታል፤ ወሬውም ይደምቃል። እኔ ከመስኮቱ ዓይኔን ሳልነቅል ወረድኩ። ከፊት ለፊት የብላቴ ወንዝ ሸለቆ ተዘርግቷል፤ ወንዙ ወደ አባያ ሐይቅ ይወርዳል፤ ማዶው ሲዳማ ነው። ዲምቱን ገና ሳልገባባት ወደድኳት።

ብላቴ ሲባል በእኔ ዕድሜ ያለ የአዲስ አበባ ሰው ቶሎ የሚያስታውሰው የጦር ማሠልጠኛውን ነው፤ በ1983 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከትምህርት ገበታቸው ተነሥተው የሠለጠኑበትን፣ ደርግ ሲወድቅም ብዙዎቹ እስከ ኬንያ የተሰደዱበትን። ለዲምቱ ሰው ግን ብላቴ ከብቱን የሚያጠጣበት፣ ማዶ ለማዶ የሚገበያይበት ወንዝ ነው። ሶዶን ከሐዋሳ የሚያገናኘው መንገድ እዚህ ያልፋል። ደገኛውና ቆለኛው፣ ወላይታውና ሲዳማው፣ ነጋዴውና ተማሪው ከተማዋ ላይ ይተላለፋሉ። ከሰው ጋር ደግሞ ተረቱ አብሮ ይተላለፋል። እኔም የመጣሁት ተረቱን ፍለጋ ነበር።

ፎክሎር ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን መድረክ ነው። በጥቁር፣ በቀይና በቢጫ የተሸመነ ዱንጉዛ የለበሱ ወጣቶች ወገባቸውን እየሰበቁ ሲጨፍሩ፣ ካሜራ ሲቀርጽ፣ እንግዳ ሲያጨበጭብ። ውበቱን አልክድም፤ የወላይታ ጭፈራ ሲመታ ዝም ብሎ መቀመጥ የሚችል ሰው አላውቅም። ነገር ግን ፎክሎር የሚለው ጥናት ከዚህ ይሰፋል። ሰዎች ሲጣሉ የሚጠቅሱት ምሳሌ፣ ልጅ ሲድሩ የሚቆጥሩት ጎሳ፣ ለሟች ሲያለቅሱ የሚያወርዱት ሙሾ፣ ጎረቤትን ሲጠረጥሩ የሚያወሩት ወሬ፣ ይህ ሁሉ ፎክሎር ነው። ዲምቱ ላይ ይህን በዓይኔ አየሁት።

የገበያ ቀን ነበር። በአካባቢው ትምህርት ቤት ወላይትኛ የሚያስተምር አንድ መምህር ይዞኝ ዞረ፤ ለቋንቋው ባዕድ ስለሆንኩ ጆሮዬ እሱ ነበር። በ“ሳሮ” እየተቀበሉን፣ በ“ሎኦ” እየሸኙን በቅቤው፣ በበርበሬው፣ በበቆሎው መካከል አለፍን። ሸክላ ሻጮቹ ጋ ስንደርስ ግን ግፊያው ቆመ። ከገበያው ጥግ፣ ከሌላው ሻጭ ራቅ ብለው ተቀምጠዋል። ድስቱ፣ ጀበናው፣ ምጣዱ፣ እንስራው በሣር ላይ ተደርድሯል። ገዢዎች እየመጡ ድስቱን በጣታቸው ያንኳኳሉ፤ ድምፁ ከጠራ ይገዛሉ፤ ከታፈነ መልሰው ያስቀምጡታል። ስንጥቅ ከዓይን ይሰወራል፤ ከጆሮ ግን አያመልጥም።

ከሻጮቹ በዕድሜ የገፉት ሴት አጠገባቸው እንድቀመጥ ፈቀዱልኝ። ስለ አፈሩ ሲያወሩ ዓይናቸው ይበራል። አፈሩ ከየት እንደሚቆፈር፣ የተሰበረ ሸክላ ገል ተወቅጦ ለምን እንደሚቀላቀልበት፣ በለስላሳ ድንጋይ እንዴት እንደሚታሽ፣ ጥላ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚደርቅ፣ በምን ዓይነት እሳት እንደሚተኮስ ነገሩኝ። ይህን ሁሉ ከእናታቸው ተማሩ፤ እናታቸው ከእናታቸው። አንድም ፊደል የሌለበት ሙሉ ትምህርት ነው። ሰማሁና ብድግ ብዬ እጃቸውን መሳም አማረኝ።

“እናቴ፣ ለምን ከዚህ ጥግ ተቀመጣችሁ?” አልኳቸው።

“ድሮም ቦታችን ይኸው ነው” አሉ።

የዚህ “ድሮ” ታሪክ በደቡብ ኢትዮጵያ ብዙ ቦታ ይታወቃል። ሸክላ ሠሪው፣ ቆዳ ፋቂው፣ ብረት ቀጥቃጩ ለማኅበረሰቡ የማይቀርለት ሰው ነበር፤ ሆኖም ጋብቻ አይሰጠውም፤ ከማዕድ አይጠራም፤ መቃብሩ ሳይቀር ለብቻ የሚሆንበት ቦታ ነበር። ዲና ፍሪማንና አሉላ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት መጽሐፍ የእነዚህን ወገኖች መገለል ከየአካባቢው አሰባስበው አሳይተዋል፤ መገለሉ በመኖሪያ ቦታ፣ በኑሮ፣ በፖለቲካ፣ በማኅበራዊ ሕይወትና በባህል እንደሚገለጥ ዘርዝረዋል። ምክንያቱ ሲጠየቅ በብዙ ቦታ የሚሰጠው መልስ ተረት ነው፤ የእነዚህ ሰዎች ቅድመ አያት በክት በላ የሚል። አንድ ሰው አንድ ቀን በላ የተባለው ሥጋ በልጅ ልጆቹ ላይ ለስንት ትውልድ ፍርድ ሆኖ ይኖራል። የፈረደ ዳኛ የለም፤ የተጻፈ ሕግ የለም። ተረቱ ብቻውን ፈረደ።

በወላይታ ለእነዚህ ባለ እጆች የተሰጠ ስም አለ። እዚህ አልጽፈውም፤ እኒያ እናት በፊቴ ሲጠራ አንገታቸውን ሲደፉ አይቻለሁና።

ዛሬ ነገሩ እንደ ድሮው አይደለም፤ መምህሩም ሴትየዋም ይህን ነገሩኝ። ቤተ ክርስቲያን አንድ አግዳሚ ላይ አስቀምጣለች፤ ትምህርት ቤት አንድ ዴስክ ላይ አቀላቅሏል፤ ሕገ መንግሥቱም ሰው ሁሉ እኩል ነው ይላል። ጋብቻ ላይ ሲደረስ ግን አሮጌው ተረት ብቅ ይላል። ሽማግሌ ይላካል፤ ጎሳ ይጠየቃል፤ ከዚያ ዝምታ ይሆናል። ወላይታ በአባቱ ወገን ጎሳውን ቆጥሮ፣ ከራሱ ጎሳ ሳያገባ የኖረ ሕዝብ ነው፤ ጎሳዎቹም ማላና ዶጋላ በሚባሉ ሁለት ታላላቅ ወገኖች ይመደባሉ። ይህ ቆጠራ ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ የሚጠብቅ ድንቅ ዕውቀት ነው። ያው ቆጠራ የሸክላ ሠሪዋን ልጅ ከበር የሚመልስ ሲሆን ግን አንጀቴ ይቃጠላል።

“ስለ በክቱ የሚነገረውን ያውቁታል?” ብዬ ፈራ ተባ እያልኩ ጠየቅኩ።

“እንዴት አላውቅም ልጄ! እኛም ቤት ይነገራል። እኛ ቤት ግን ከዚያ በፊት ይጀምራል። ርቦት ወንድሞቹ ደጅ ሄደ፤ በሩን ዘጉበት፤ ከዚያ በላ። እነሱ በሩን ትተው ሥጋውን ብቻ ነው የሚያወሩት።”

መምህሩ ይህን ሲተረጉምልኝ ድምፁ ተሰበረ። የዚያ አገር ልጅ ሆኖ፣ ቋንቋውን እያስተማረ፣ የተረቱን ይህን ገጽ ሰምቶት አያውቅም ነበር። እኔም ለምን እንደመጣሁ የገባኝ ያኔ ነው። ተረት ሰብሳቢ ወደ አንድ ቤት ብቻ ገብቶ ከወጣ የሚመዘግበው የፈራጁን ቃል ነው። ከገበያው ጥግ የተቀመጠችውም ተረት አላት፤ ካልተጠየቀች አትናገረውም።

በማግሥቱ መምህሩ ጉታራ ወሰደኝ። ጉታራ በወላይታ ጎረቤታሞች ተሰብስበው ነገር የሚያዩበት ሸንጎ ነው፤ ከዚያ በላይ የከበደ ጉዳይ ሲሆን ዴሬ ጭማ የሚባሉት የአገር ሽማግሌዎች ይይዙታል። ዛፍ ሥር ነው። በዕድሜ የላቁት ከፊት ተቀምጠዋል፤ ጎልማሶቹ ከጎን፤ ልጆች ከኋላ ቆመው ያዳምጣሉ። ጉዳዩ የአንዲት ባሏ የሞተባት ሴት መሬት ነበር። የሟች ወንድም ድንበሩን ገፍቶ አርሷል። ሴትየዋ ቆማ ተናገረች፤ አሳጥራ፣ ሳታለቅስ፣ እሷና ባሏ የተከሉትን ዛፍ በጣቷ እየቆጠረች።

ከዚያ ሽማግሌዎቹ ቀጠሉ። እንደ ፍርድ ቤት አንቀጽ አይጠቅሱም፤ የሚጠቅሱት ምሳሌያዊ ንግግር ነው። አንደኛው ተነሣና መሬት የአባት ወገን ነው፣ ሴት ወደ ሌላ ቤት ሂያጅ ናት የሚል መንፈስ ያለው ምሳሌ ጣለ። ራሶች ተነቀነቁ። ነገሩ ያለቀ መሰለኝ። የአገሪቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ለሴት በመሬት ላይ እኩል መብት መስጠቱን መምህሩ በጆሮዬ ሹክ አለኝ፤ ግን እዚያ አንቀጽ የሚጠቅስ አልነበረም። ይልቅ ሌላ ሽማግሌ፣ ዓይናቸው የደከመ፣ ዱላቸውን መሬት ላይ አስደግፈው ረጅም ተረት ጀመሩ። ስለ አንድ ሟች ወንድም በሬ፣ በሬውን ማን ሲያበላው እንደኖረ፣ በክረምት ማን ሣር እንዳጨደለት። ተረቱ ላይ ሴት የሚል ቃል አንድም ጊዜ አልተነሣም። ሲጨርሱ ግን ሁሉም ወደ ሴትየዋ ዞረው ያዩ ነበር።

ፍርዱ በዚያ ቀን አላለቀም፤ ድንበሩ በእግር ተሄዶ እንዲታይ ተቀጠረ። እኔ ግን ያየሁትን እስከ ዛሬ አልጠገብኩትም። ሁለት ሽማግሌዎች፣ አንድ ቋንቋ፣ አንድ ባህል፤ አንዱ ከባህሉ ጎተራ የሚያስር ገመድ መዘዘ፤ ሌላው ከዚያው ጎተራ የሚፈታ ቢላ አወጣ። ባህል ሴትን ይጨቁናል ብሎ የሚጽፈው የከተማ ሰውም፣ ባህላችን ፍጹም ነው ብሎ የሚምለው ሰውም ዛፉ ሥር ቢቀመጡ ሁለቱም ዝም ይሉ ነበር። ተረቱን የሚያውቅ ሰው ተረቱን መመከት ይችላል፤ የመብት ጉዳይ የያዙ ድርጅቶች ፖስተር ከመለጠፋቸው በፊት እኒያን ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌ ቢያገኙ ምንኛ በወደድኩ።

ይህ ሐሳብ የእኔ ብቻ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፈቃደ አዘዘ የ1977ቱን ረሃብ የሰሜን ሸዋ ገበሬዎች በግጥም እንዴት እንዳወሩት ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ1998 በእንግሊዝኛ አሳትመዋል። ዓለም በፎቶግራፍ ያየውን ረሃብ የተራበው ሰው በራሱ ቃል ምን እንዳለው ከዚያ ይሰማል። ጌቴ ገላዬ ደግሞ የጎጃም ገበሬዎች ስለ መሬትና ስለ አምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ያወረዱትን ግጥም አጥንተዋል፤ በስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ ያልተናገረ ገበሬ በእርሻው ላይ ምን ይዘፍን እንደነበር አሳይተዋል። የፈቃደ “የሥነ ቃል መምሪያ” በ1991 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ ብዙ ተማሪ መቅረፀ ድምፅ ይዞ ወደ ገጠር ወጥቷል። እንዲህ ያለው ጥናት ወደ ብላቴ ዳር በብዛት ቢመጣ እላለሁ።

ወላይታ ራሱ ቃል ሲነጠቅ ምን እንደሚሆን በደም ያየ አገር ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋዎች አንድ ላይ ቀላቅሎ “ወጋጎዳ” የሚል የማስተማሪያ ቋንቋ ተሠራ፤ መጽሐፍም ታተመ። ቋንቋዎቹ ዘመዳሞች ናቸው፤ በስሌት ሲታይ ወጪ ይቀንሳል። ነገር ግን በወጋጎዳ ልጇን እሹሩሩ ያለች እናት አልነበረችም። በ1992 ዓ.ም. ሶዶ ላይ ተቃውሞ ተነሣ፤ ሰው ሞተ፤ መጽሐፉ ቀረ፤ በ1993 ዓ.ም. ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። መምህሩ ያን ጊዜ ተማሪ ነበር። “መጽሐፉ ውስጥ ተረት ነበረ” አለኝ፤ “ያያቴ ተረት ነው፤ ግን አያቴ እንደዚያ አትናገረውም።” ከዚያ በላይ አልጠየቅኩትም።

ከዚህ ጋር አንድ ሌላ ነገር ላንሣ፤ በጉዞዬ ሁሉ ልቤን ደስ ያሰኘኝ ነውና። በገድለ ተክለ ሃይማኖት ላይ የጻድቁን እናት የማረከው የዳሞት ንጉሥ ሞተለሚ ይባላል። ይህን ገድል እየሰማ ያደገ የሰሜን ሰው ሞተለሚን የሚያውቀው በዚያ ነው። ወላይታ ሲመጣ ግን ሞቶሎሚ የቀደሙት ነገሥታት አባት ሆኖ ይጠብቀዋል፤ ዝናው በሌላ ዜማ ይነገራል። አንድ ስም በግዕዝ ብራናና በወላይታ አፈ ታሪክ በሁለት ፊት ይኖራል። እስከ መጨረሻው ንጉሥ እስከ ካዎ ጦና፣ እስከ 1887ቱ የምኒልክ ዘመቻ ድረስ ያለው ታሪክም እንዲሁ ሁለት አንደበት አለው። ልጆቻችን ሁለቱንም በአንድ ክፍል ውስጥ ቢሰሙ ስለ አገራቸው የሚከራከሩት በተሻለ ዕውቀት ይሆን ነበር።

ወደ ብላቴ ልመለስ። ማዶ ያሉት ሲዳማዎች ፊቼ ጨምበላላን ያከብራሉ፤ በዓሉ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ወዲህ ያሉት ወላይታዎች በመስከረም ጊፋታን ያከብራሉ። ሁለቱም የዘመን መለወጫ ናቸው፤ የሁለቱም ቀን የሚታወቀው ሰማይ ታይቶ ነው። ጊፋታ ከመድረሱ በፊት አባወራዎች ለሰንጋው ገንዘብ ያጠራቅማሉ፤ ሴቶች ቅቤ ያስቀምጣሉ፤ ሙቿና ባጭራ ይዘጋጃል፤ ወጣቱ “ሃያያ ሌኬ” እያለ ይጫወታል። ከሁሉ በላይ የተጣላ ይታረቃል፤ ቂም ይዞ ወደ አዲሱ ዓመት መሻገር ነውር ነው።

እንዲህ ዓይነት በዓል ያላቸው ሁለት ጎረቤቶች ሳሉ ነው በሰኔ 2010 ዓ.ም.፣ በፊቼ ጨምበላላ ሰሞን፣ ሐዋሳ ላይ ግጭት ተነሥቶ ሰው የሞተው፣ ብዙ የወላይታ ተወላጆችም ከቤታቸው የተፈናቀሉት። ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። መንገዱ በዲምቱ ያልፋልና ከተማዋ ያን ሰሞን አትረሳውም። አንድ ሽማግሌን ስለዚያ ጠየቅኳቸው።

“አባቴ፣ ስለ ሲዳማዎች የሚነገር ተረት አለ?”

“ሞልቶ! ሚስት ስለሰጡን፣ ከብት ስለነዱብን፣ ወንዝ ሲሞላ ስላሻገሩን።”

“የቱን ነው ለልጆች የሚነግሩት?”

ዝም ብለው ቆዩ። “ከ2010 ወዲህ ስለ ከብቱ ነው የምንነግራቸው” አሉ።

ተረቱ አልተለወጠም፤ የተመረጠው ተለወጠ። አንድ ማኅበረሰብ ካለው ብዙ ተረት የትኛውን ከጓዳ እንደሚያወጣ መከታተል ወዴት እየሄደ እንደሆነ ማወቂያ ነው። ይህን የሚከታተል ሰው በየወረዳው ቢኖር ግጭቱ ከመነሣቱ በፊት ወሬው ይሰማ ነበር ብዬ አምናለሁ። የዛሬው ወሬ ደግሞ በእግር አይሄድም፤ በስልክ ነው የሚሄደው፤ ብላቴን ለመሻገር ድልድይም አያስፈልገው።

ስለዚህ የመምህሩን ክፍል ሳይ ተስፋ አደረግኩ። ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ቅርብ ነው፤ ሶዶም ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የአዲሱ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆናለች፤ መጻሕፍትም ባለሙያም ከዚያ ሊመጣ ይችላል። እሱ ግን አልጠበቀም። ተማሪዎቹን ከየቤታቸው አንድ አንድ ተረት በስልካቸው ቀድተው እንዲያመጡ አዘዛቸው። አብዛኞቹ ቤተሰቦች ከደጋው የወረዱ ናቸው፤ በዚህ ቆላ ሠፋሪ መሆን የቆየ ነገር ነው፤ በ1960ዎቹ የወላይታ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ሰው ሁሉ ዋዱ የሚለው፣ ደገኛውን እስከ አበላ አውርዶ አስፍሮ ነበር። በዚህ የተነሣ አንዱ ተረት በአምስት ዓይነት አነጋገር ይመጣል። ልጆቹ በየራሳቸው ስሪት ይከራከራሉ፤ “እኛ ቤት እንዲህ አይደለም” የሚለው ድምፅ ክፍሉን ይሞላዋል። እንዲህ ያለ ክርክር ቀኑን ሙሉ ባዳምጥ አይሰለቸኝም።

አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። ከገበያው ጥግ ከተቀመጡት እናት ዘንድ ሄዳ የበሩን ተረት ቀድታለች። ጓደኞቿ አንዳንዶቹ ተያዩ። ጥያቄዋ ግን ስለ ጓደኞቿ አልነበረም።

“መምህር፣ ስማቸው እንዲጻፍ አይፈልጉም። ምን ልጻፍ?”

“ስማቸውን ተዪው” አላት። “ማን አጠገባቸው እንደነበረ፣ የት ተቀምጠው እንደነገሩሽ፣ ገዢ ሲመጣ ዝም ብለው እንደሆነም ጻፊ። ቀጥሎ ደግሞ ያንኑ ተረት ከአያትሽ ጠይቂና ከጎኑ አስቀምጪው።”

ልጅቷ ጻፈች። ሌላው ተማሪ ተነሥቶ ማዶ ሲዳማ ውስጥ አክስት እንዳለው፣ በእሷ ቤት ስለ ወላይታዎች የሚነገረውን ቀድቶ ማምጣት ይፈቀድለት እንደሆነ ጠየቀ። መምህሩ ወደ እኔ ዞሮ ሐዋሳ ላይ ይህን ሥራ ከማዶ በኩል የሚይዝ የሲዳምኛ መምህር አውቅ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ እስካሁን እያፈላለግኩለት ነው።